አንድ ቤዝ፣ ሦስት ጆሮ

እኛ ወሎዬዎች መምረጥ አንወድም። መምረጥ ማለት አንዱን አንስቶ ሌላውን መተው ነው፤ የተተወው ነገር ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ባይሆን ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትም ባይሆን አንድ ቀን ለቅሶ ላይ ፊት ለፊት መቀመጥ አይቀርም። ስለዚህ አንመርጥም። እናስታርቃለን። በግና ፍየል ቢቀርብልን ሁለቱንም እናርዳለን፤ አቅም ካነሰን ሁለቱንም አመስግነን ሽሯችንን እንበላለን። የአክስቴ ልጅ ሲወለድ አባቱ አንድ ስም አወጣለት፤ የእናቱ አባት ቅር እንዳይላቸው ሁለተኛ ተጨመረ፤ ሕልም አይቻለሁ ያለች ጎረቤትም ሦስተኛውን ሰጠች። ማንም አልተቀየመም። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ በየትኛውም ስሙ ቢጠሩት ግን ዞር አይልም። የተጠራው ሌላኛው ይመስለዋል።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ እኛ ከዚህ በሽታ ነፃ ነን ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ማንም እንዳይከፋ ተብሎ ስንት ምክትል እንደተሾመ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ግን እንነጋገራለን።

ነገሩን ያነሳሁት በባሌ ቤዝ ምክንያት ነው። ባሌ ይመር ይባላል። ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ከአንድ ባንድ ጋር ቤዝ ይጫወታል። ቤዝ ስላችሁ ያን እንደ ጊታር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን እንዳታስቡ። የእሱ የሚቆመው ነው፤ ደብል ቤዝ የሚሉት። ከሰውየው ይረዝማል፤ ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ወደ ታች ከእኔ ይሰፋል፤ እኔ ደግሞ በዚህ በኩል የምታማ ሴት አይደለሁም። ድሮ ከተማው ውስጥ የነበረ አንድ የኪነት ቡድን ሲበተን አባላቱ ዕቃውን ተከፋፈሉ። አኮርዲዮኑን ተሻሙበት፣ ከበሮውን ተሻሙበት፣ የዳንስ ልብሱን ሳይቀር ተሻሙበት። ቤዙ ግን ማን ቤት ይገባል? «ይመር ይውሰደው» አሉ። «መርሐባ» አለ ይመር፤ እሺ፣ ደስ ይለኛል እንደማለት ነው። ይመር በሕይወቱ ከመርሐባ ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። እኔንም ያገኘሁት እንደዚሁ ነው። «ያቺን አፈኛ ልጅ አታገባትም?» አሉት። «መርሐባ» አለ።

ቤዙን ግን ከእኔ የበለጠ ተንከባክቦታል ብል ሐሜት አይሆንብኝም። ስንጥቁን ደፈነው፣ አንገቱን አቃናው፣ የብረት ክር አልገኝ ሲለው የበግ ጅማት ገምዶ ወጠረበት። ቤት ውስጥ አምባሰልን ሲጫወት ድምፁ በጆሮ አይመጣም። በመሬት ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የእግር ጫማችሁ ይሰማዋል፣ ከዚያ ጉልበታችሁ፣ ጆሮ መጨረሻ ላይ ነው ወሬው የሚደርሰው። ይመር ሲናገር የማልሰማውን ነገር ሁሉ የምሰማው በዚያ ነው። አልጋና ቁም ሳጥኑን ሰው እንዳዘዘው አድርጎ ይሠራል፤ ቁመቱን ሰው ይነግረዋል፣ ቀለሙን ሰው ይመርጥለታል። ማንም ያላዘዘበት ነገር ቢኖረው ያ ቤዝ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ ሰርግ ቤት ሌላ ነው። ሰርግ ቤት በአራት ማዕዘን አራት ሞንታርቦ ይቆማል። ዘፋኙ ማይክ አለው፣ ኪቦርዱ ሽቦ አለው፣ ሳክስፎኑ ማይክ አለው፤ ይመር ያለው እጁ ብቻ ነው። ሰውየው ቤዙን አቅፎ ሲወዛወዝ ያያችሁታል፤ ጣቱ ሲሮጥ፣ ግንባሩ ሲያልበው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመሰጥ ታዩታላችሁ። ድምፅ ግን የለም። በመስኮት መስታወት በኩል እንደምታዩት ሰው ነው። አንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከልቧ አዝና፣ «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ከሳጥኑ ጋር የሚታገለው?» ብላኛለች። ባሌ ነው አላልኳትም። እንጃ፣ አሞት ይሆናል አልኳት።

የባንዱ መሪ ደምሴ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ወሬ ሲያመጣ እንኳ ከሰው አብልጦ ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ይመርን ጠርቶ የነገረውም እንዲሁ ትከሻውን እየመታ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ ሰርግ ተይዟል፤ የቤዙ ድምፅ እስከዚያ የሚሰማበት መንገድ ካልተገኘ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ በግራ እጁ ቤዙንም ይሸፍነዋል፤ ይመር ቢመጣም ባይመጣም ለውጥ የለውም። ነገሩ ይኸው ነው። ይመር ዕድሜ ልኩን የደከመበት ነገር በአንድ ጎረምሳ ግራ እጅ፣ ያውም በትንሿ ጣት ሊተካ ነው። ያን ዕለት ቤት ገብቶ እራት አልበላም። ቤዙ አጠገብ ተቀመጠ። አልተጫወተም፤ እንዲሁ ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው ተቀመጠ።

መፍትሔው ፒክአፕ ነው አሉ። መኪናውን አይደለም። ቤዙ ላይ ተለጥፎ ድምፁን እየሰማ በሽቦ ወደ ሞንታርቦ የሚያደርስ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በአጭሩ ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ ገዝቶ ይገላገል ነበር። ይመር ግን «ላማክር» አለ። ደሴ ውስጥ ማማከር ማለት ሰኞ ገበያ መሐል ቆሞ ነጋሪት ከመጎሰም የሚለየው ድካሙ በማነሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ወንድሜ ሰይድ ነው። ሰይድ ኮምቦልቻ፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ዕቃ አስለቃቂ ነው። የማያስመጣው ነገር የለም፤ ችግሩ ከሚያስመጣቸው ነገሮች ግማሾቹ ምን እንደሆኑ ራሱም አያውቅም። አንድ የሚያብረቀርቅ ማግኔት ይዞ መጣ። በቆንጆ ካርቶን፣ በቬልቬት ተጠቅልሎ፣ የአንገት ሐብል ነው የሚመስለው። «እታለም፣ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ አልተሠራም» አለኝ። የወንድሜ ስለሆነ ወዲያው ደገፍኩት። ዓለም ላይ ያለ ፍርድ ሁሉ እንዲህ ቢቀል ምን ነበረበት። ይመርም «መርሐባ፣ ያንተን ነው የማደርገው» አለው።

ሁለተኛው ሐጂ ሙሄ ናቸው። ሐጂ ሙሄ ድንኳን፣ ወንበርና ሞንታርቦ ያከራያሉ፤ የሞተም የተዳረም ከሳቸው እጅ አያመልጥም። እሳቸው ያመጡት ሰባኪዎችና ዱዓ መሪዎች ደረታቸው ላይ የሚሰኳትን ትንሽ ማይክ ነው። «ይቺ የስንቱን ታላቅ ሰው ድምፅ ተሸክማለች፤ የጅማት ድምፅ ያቅታታል?» አሉ። ዘፈን እንደማይወዱ የታወቀ ነው። ግን ድምፅ ሌላ፣ ዘፈን ሌላ ነው አሉ። ይመርም በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «መርሐባ፣ የእርስዎን ነው የማደርገው» አላቸው።

ሦስተኛው ጋሽ አራጋው ነው። ጋሽ አራጋው የይመር እህት ባል ነው፤ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ደህና አደርክ ስትሉት «ደህና ማደር ሲባል ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እሱ ነው። ለቅሶ ላይ የአልቃሿን ዜማ ያርማል። ሽሮዬን ቀምሶ ስለ ሙቀት አስተምሮኛል። እሱ ያመጣው ደግሞ ከሞተ የጠረጴዛ ሰዓት ውስጥ ያወጣትን፣ ሰዓቱ ሲደውል የምትጮኸውን፣ እንደ ሳንቲም ስስ የሆነች የነሐስ ዝርግ ነች። ሽቦ በይዶባታል። ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት አለ፣ ክራር ላይ በርኩማ የሚሉት፤ እዚያ እንጨት ሥር ትወተፋለች አለ። ከዚያም ለምን እንደምትሠራ እስኪመሽ አስረዳን። ይመር እንቅልፍ እያዳፋው «መርሐባ ጋሼ፣ ያንተን ነው የማደርገው» አለው። እኔም ያቺን ዝርግ አይቼ ለይመር፣ «ይቺን ከምታደርግ ቤዙን ሽጠህ ሰዓት ግዛ» አልኩት።

እንግዲህ እግዜርም አላህም የሚያውቀው ነው፤ ሦስቱ ሰዎች ለወር ባይገናኙ ኖሮ ይመር አንድ ነገር ይፈጥር ነበር። ግን ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ የሐጂ ሙሄ ድንኳን መሆኑ ነው፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐጂ በጨዋ ደንብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የይመር ቤዝ የሳቸውን ማይክ ሊለብስ መሆኑን አወጉ። ሰይድን ሳል ሳል አለው። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይመር የእኔን ማግኔት ነው የመረጠው፤ ራሱ ነግሮኛል» አለ። ጋሽ አራጋው ጊዜ አላጠፋም።

«ማግኔት ብረት እንጂ ጅማት አይሰማም» አለ። «ሁለተኛ፣ ደረት ላይ የምትሰካ ማይክ አራት ሞንታርቦ መሐል ብትቀመጥ እንደ ጅብ ትጮሃለች። ይሄን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል።»

«ጋሽ አራጋው» አለው ሰይድ፣ «የሞተ ሰዓት አንጀት ይዘህ ሕያው ሰው አትሳደብ።»

ሟቹን የረሱት ያኔ ነው። በሹክሹክታ ነበር የተጣሉት፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ፤ ግን እንዲህ ያለ ሹክሹክታ ሰምቼ አላውቅም፣ አልቃሿ ራሷ ለመስማት ዝም አለች። ልብ በሉ፤ ጋሽ አራጋው ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ግን በጋሽ አራጋው አፍ የወጣን እውነት ማን አምኖ ያውቃል? እውነትም እኮ የሚያምር ሰው ላይ ብትሳፈር ምን ነበረበት።

በማግስቱ ሦስቱም አኮረፉ። ሰይድ ስልኬን ማንሳት ተወ። ጋሽ አራጋው የይመርን ደጃፍ አልረግጥም አለ፤ ይሄኛውስ ለእኔ እፎይታ ነበር። ሐጂ ሙሄ ግን የባሰውን አደረጉ፤ የኮምቦልቻው ሰርግ ሞንታርቦ የሳቸው ነው፣ የተናቀ ሰው ዕቃውን ይዞ አይሄድም አሉ። ደምሴ ይሄን ሲሰማ የይመርን ትከሻ መምታት አቆመ። ትከሻ መምታት ሲያቆም ያስፈራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ይመርም ጨነቀውና ሽማግሌ ጠራ።

ልድገመው እንዴ? ሰውየው ለቤዙ ፒክአፕ ለመምረጥ ሽማግሌ ጠራ።

አባ ከድር ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ መጡ፤ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው። አባ ከድር የገዳይና የሟች ወገን ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ካሉ ሳያስታርቁ አይነሱም። ሦስቱ ጆሮዎች በትሪ ቀረቡላቸው። አንድ በአንድ አነሱ፣ አገላበጡ፣ ማግኔቷ ከትሪው ተጣብቃ አልነሳም ስትላቸው «ይቺ ቂም ትይዛለች» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰይድ አልሳቀም። ከዚያ ሦስቱንም ወገን በየተራ ሰሙ። የሰሙት ስለ ድምፅ አልነበረም። ሐጂ በስንት ሰርግና ለቅሶ ለይመር እንደደረሱለት ተናገሩ፤ ሰይድ እኔን እህቱን እንዴት አድርጎ እንደዳረ ተናገረ፤ ጋሽ አራጋው ብቻ ስለ ንዝረት ተናገረ፣ እሱንም ማንም አልሰማው።

«እነዚህ ሦስቱ ድምፅ ያነሳሉ?» አሉ አባ ከድር በመጨረሻ።

«ያነሳሉ» አለ ይመር።

«ሐራም አለባቸው?»

«የለባቸውም።»

«ታዲያ ምን ያጣላችኋል? ሦስቱም ይሁኑ።»

ጋሽ አራጋው እጁን አወጣ፤ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል። «አባ ከድር፣ በቴክኒክ አይቻልም።»

«ቴክኒክም ቅር ካለው ይጠራና እናስታርቀዋለን» አሉ።

እኔ ከበሩ ሆኜ፣ ሦስት ሽቦ ባንድ ጊዜ ከተሰካ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል፣ ቢያንስ አንዴ ይሞከር አልኩ። እውነቱን ለመናገር የወንድሜን አስቀድመው እንዲሞክሩ ነበር ሐሳቤ። አባ ከድር በርኅራኄ አዩኝ። «ልጄ፣ ሽቦ ከሰው አይበልጥም» አሉኝ። ዱዓ ተደረገ፤ ጋሽ አራጋውም ቅር እያለው አሜን አለ፤ ሦስቱም ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ይመር በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁሉንም እሺ ብሎ ሁሉንም ያስደሰተበት ቀን ነበር። ቤዙ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሱን የጠየቀው የለም።

የሰርጉ ዕለት በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ቤዙ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሚኒባሱ ውስጥ በቁመቱ ተጋድሟል፤ እኔ እግሩን፣ ይመር አንገቱን አቅፈናል። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንወርድ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው የምታወጡት? አላህ ያሽረው» አሉኝ። አሚን አልኩ። ያን ዕለት ከተደረገለት ዱዓ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ይመስለኛል።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሐጂ ሙሄ ሞንታርቦአቸውን አቁመው፣ «የመጣሁት ለድምፁ ነው፣ ለዘፈኑ አይደለም» ብለው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ሰይድ አለ፣ በሱፍ፤ ከሰይድ ጎን ጋሽ አራጋው። የታረቁ ሰዎች ስለሆኑ ካንድ ትሪ ነው የሚበሉት፤ እየተጎራረሱ። መድረኩ ላይ ቤዙ ቆሟል፤ ማግኔቷ አንገቱ ሥር ታብረቀርቃለች፣ ማይኳ ሆዱ ላይ ተሰክታለች፣ የጋሽ አራጋው ሳንቲም ከበርኩማው ሥር ተወትፋለች፣ ከሦስቱም ሽቦ ይወርዳል። ግሉኮስ የተሰካለት ሕመምተኛ መስሏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። ሽቦ ቢያብር ምን እንደሚያስር አልነገሩንም።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሰው ተነሳ፣ ደምሴ እጁን አነሳ፣ ይመር የመጀመሪያዋን ጅማት ሳበ።

የወጣውን ነገር ድምፅ ብዬ ብጠራው ድምፅ ይቀየመኛል። መጀመሪያ ጉርምርምታ መጣ፣ እንደ ወፍጮ፤ ከዚያ ላይ የሐጂ ማይክ ጮኸች፤ ልክ ጋሽ አራጋው እንዳለው፣ እንደ ጅብ። የሙሽራዋ እናት ጆሯቸውን ያዙ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ካሜራውን ለቆ ወደ ሞንታርቦው ዞረ። ሕፃናት አለቀሱ። ከዚህ ሁሉ መሐል የወንድሜ ማግኔት ብቻ ጨዋ ነበረች፤ ምንም አልሰማችም፣ ምንም አልተናገረችም፣ ታብረቀርቃለች። ደምሴ እየሳቀ፣ ለሰው እንዳይታወቅ እየሳቀ፣ ወደ ይመር ጠጋ አለ። የተናገረውን የከንፈሩን እንቅስቃሴ አይቼ ነው ያወቅኩት።

«በቃ። ከዚህ በኋላ ኪቦርዱ ይይዘዋል።»

ይመር ቤዙን አቅፎ ቆመ። መጀመሪያ ሦስቱ ሰዎች የተቀመጡበትን ጠረጴዛ አየ። ሦስቱም ያዩታል። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም እህት ነኝና በዓይኔ ምልክት ሰጠሁት፤ የጋሽ አራጋውን ንቀል አልኩት። ይመርን ሃያ ምናምን ዓመት አውቀዋለሁ፤ በዓይኔ ያዘዝኩትን አጥፎ አያውቅም።

ጎንበስ አለ። የሐጂን ሽቦ ነቀለ። ጩኸቱ ቆመ። አዳራሹ ሁሉ እያየው፣ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው እያዩት፣ የወንድሜንም ሽቦ ነቀለ። ጉርምርምታውም ቆመ፤ ለካ ጨዋ መስላ ስታጉረመርም የነበረችው እሷ ኖራለች። ከዚያ ቀና አለና ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ።

የአዳራሹ ወለል ሴራሚክ ነው። ድምፁ በጫማዬ ሥር መጣ። ከዚያ በጉልበቴ፤ ቤት ውስጥ እንደማውቀው፣ ግን አዳራሹን ያህል ሆኖ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የለስላሳ ጠርሙስ ውስጡ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ትከሻቸው ቀድሟቸው ወረደ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ግራ እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ማንም ሳያዘው። ደምሴ ዞሮ አየው፣ አየው፣ ከዚያ እጁን አንስቶ ባንዱን መምራት ቀጠለ። ያ ሁሉ ዓመት ቤቴ ውስጥ የነበረው ነገር አሁን የሕዝብ ሆኖ ሳየው ትንሽ ቀናሁ መሰለኝ።

ይህ ወግ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጋሽ አራጋው አለ። ዘፈኑ ሳያልቅ ተነስቶ አጨበጨበ፤ ለይመር እንዳይመስላችሁ፤ ለራሱ ነው። ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ የሰዓቱን ታሪክ አስረዳ። ሙሽራውን ሳይቀር ይዞ ስለ ንዝረት ነገረው። ሰርጉን ቀርጸው በለቀቁት ቪዲዮ ላይ ከሙሽሮቹ ይልቅ እሱ ይታያል። ትክክል የነበረው ሰው እሱ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሐጂና ሰይድ ግን ኬክ ሳይቆረስ ወጡ። ሰይድ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ሕዝብ ፊት ነው የነቀለኝ» አለ። ነቀለው አላለም፤ ነቀለኝ ነው ያለው።

ስለዚህ አባ ከድር እንደገና መጡ። ያው ባሕር ዛፍ፣ ያው ምንጣፍ። ይመር በዚህ ጊዜ ጭንቅ አልታየበትም፤ ቦታው ተመልሶለታል፣ ደምሴም ትከሻውን መምታት ጀምሯል። ግን ሁለት ሰው ተቀይሟል፤ አንዱ ሞንታርቦ አለው፣ አንዱ ወንድሜ ነው። አባ ከድር ሁሉንም ሰምተው ረጅም ጊዜ ጢማቸውን ዳበሱ። ይመርን እንዲመልስ ጠየቁት፤ ስንቱ ነው የሚሠራው? ይመር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መርሐባ ሳይል መለሰ።

«አንዱ ነው አባ። የጋሼ ነው። ሌላ አላደርግም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም በበኩሌ ባሌን እንደ አዲስ ሰው አየሁት። አባ ከድር ግን ሳቅ አሉ፤ ሰው አንዴ እምቢ ሲል የሚሆነውን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«መርሐባ» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ያሉት እሳቸው ናቸው። «የሚሠራው ይሥራ። የሚሠራው ስለሠራ የቀሩት ሰዎች ግን ከቤትህ አይወጡም። ማግኔቱም ማይኩም ቦታቸው ላይ ይለጠፉ። አይሰኩ። ይለጠፉ።»

እንዲህ ያለ ፍርድ ቦሩ ሜዳ ብቻ የሚሰጥ እንዳይመስላችሁ። የሚሠራው አንድ ሆኖ፣ ለክብር የተለጠፈ ሁለት ያለበት ቤት ስንት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ደመወዝ ስለማይበላ የእኛው ይሻላል። ይመር ትንሽ አሰበና ተስማማ። ሁለቱን መልሶ ሲያስር ጆሮውን አስጠግቶ ቤዙን ሞከረው። ክብደት ስለሆኑበት ድምፁን ትንሽ ያፍኑታል አለኝ። ምን ያህል አልኩት። ለማንም አይታወቅም አለ፤ ለእሱ ግን ይታወቀዋል። ታዲያስ? ታዲያማ ሰይድ ስልክ ያነሳል፣ ሐጂም ሞንታርቦ ይልካሉ።

ባለፈው እሑድ ሐርቡ ሰርግ ነበር። ባንዱ ዕቃውን ሲያሰናዳ ሰይድ ሰው ሁሉ እያየው መድረኩ ላይ ወጣ፤ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ፣ ትንፋሽ እፍ ብሎባት፣ ማግኔቷን በእንክብካቤ ወለወላት። ሽቦዋ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ተኝቷል። ይመር አየው፤ ክሩን ማጥበቁን ቀጠለ። ከዚያ ዘፈኑ ተጀመረ፣ ወለሉ ተንቀሳቀሰ፣ ሰይድ አጠገቤ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

«አየሽ እታለም፣ ስትጠረግ እንዴት ጥርት እንደምትል?» አለኝ።

ምላሴን አውቀዋለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ሞልቶታል። ወንድሜን አየሁት፤ ዓይኑ እንደ ማግኔቷ ያበራል።

«በጣም» አልኩት።